በገዛ ሜዳ የተገኘ ዋንጫ፦ የ1954ቱ ድልና የአስተናጋጅነት ትርጉም

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጊዜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ፣ ቦታው አዲስ አበባ ነበር። ዋንጫውን ያነሳችውም ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር፣ በገዛ ሜዳዋና በገዛ ሕዝቧ ፊት ነው።

በቡታጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የመስቃን ቀበሌዎች የሚያድግ የዛሬ ታዳጊ የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ በቃሉ ይዘረዝራል፤ የ1954ቱን ቡድን ግን እምብዛም አያውቅም። ለዚህም ምክንያት አለው። ያ ጨዋታ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አልታየም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና። ድሉን በዓይኑ ያየው በስታዲየሙ የተገኘው ሕዝብ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ታሪኩን የሰማው በሬዲዮ፣ በጋዜጣና ከአዲስ አበባ በሚመለስ መንገደኛ አንደበት ነው።

ታሪኩ ዛሬ እንደገና የሚነሳው ለትዝታ ያህል ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ፍላጎቷን ገልጻለች። በሌላ በኩል ብሔራዊ ቡድኗ ሜዳ አጥቶ «የአገር ውስጥ» ጨዋታውን በሰው አገር ያደረገባቸው ዓመታት ገና ከሰው አእምሮ አልጠፉም። ስለዚህ አስተናጋጅ መሆን ለአንድ ቡድን ምን እንደሚሰጥ፣ ምንስ እንደሚጠይቅ ከ1954ቱ ድል ተነሥቶ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ውድድሩ ሲጀመር

የአፍሪካ ዋንጫ አሳብ የተጠነሰሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በሊዝበን በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ላይ ነው። የአሳቡ ባለቤቶች አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ውድድርም በዚያው ከተማ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓቷ ምክንያት ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው ኤል ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር።

ሁለተኛው ውድድር በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ ተደረገ። ኢትዮጵያ በአስተናጋጇ ግብፅ ዳግመኛ 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተረታች። አስተናጋጇም ዋንጫውን አስቀረች።

ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ውድድር ልታዘጋጅ ስትነሣ የነበራት ውጤት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ የተቆጠሩባት ግቦች። ያስቆጠረችው ግብ አንድም አልነበረም። ከዚህ ውጤት ተነሥቶ ዋንጫው በአዲስ አበባ ይቀራል ብሎ መገመት ለማንም አስቸጋሪ ነበር።

የጥምቀት ሰሞን ውድድር

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ተካሄደ። ኢትዮጵያ በአስተናጋጅነቷ፣ ግብፅ ደግሞ በሻምፒዮንነቷ ያለ ማጣሪያ ገቡ። ግብፅ በዚያን ጊዜ የምትጠራው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ነበር። ቱኒዚያና ዩጋንዳ ማጣሪያውን አልፈው ተቀላቀሉ። አራት ቡድኖች አራት ጨዋታዎችን በአንድ ስታዲየም አደረጉ፤ ውድድሩ በሙሉ ይኸው ነበር።

ጥር 6 ቀን፣ እሑድ፣ ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር ተጋጠመች። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 2 ለ 0 ተመራች። የካርቱምና የካይሮ ታሪክ ሊደገም ነው የሚያሰኝ ጅምር ነበር። ነገር ግን ቡድኑ ተመልሶ አራት ግቦችን አከታትሎ አስቆጠረና ጨዋታውን 4 ለ 2 አሸነፈ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ግብ ያስቆጠረችውም፣ ጨዋታ ያሸነፈችውም በዚያች ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ የተካሄደው ሐሙስ ጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው። ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ዓርብ የጥምቀት በዓል ሆነ። ቅዳሜ ጥር 12 ቱኒዚያ ዩጋንዳን 3 ለ 0 ረትታ ሦስተኛ ወጣች። እሑድ ጥር 13 የፍጻሜው ቀን ደረሰ።

ቡድኑን ያሠለጥን የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። በጅማ የተወለደው፣ የታወቀው ድምፃዊ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የሆነው ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ረጅም ዘመን የተጫወተ ሰው ነበር። በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርቷል።

የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በአስመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም አብሮት ተሰልፏል። ከእነርሱ ሌላ በርካታ የአስመራ ልጆች በቡድኑ ውስጥ ነበሩ፤ ኤርትራ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ነበረችና። ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ከፍጻሜው ጨዋታ አሥር ወራት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ያ ድል የአንድ ከተማ ወይም የአንድ አካባቢ ልጆች ድል ብቻ እንዳልነበረ የቡድኑ አሰላለፍ ይመሰክራል።

የፍጻሜው 120 ደቂቃ

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አብደል ፈታህ ግብ አስቆጥሮ ቡድኑን መሪ አደረገ። ግብፅ ይህን ብልጫዋን ይዛ ከሰባኛው ደቂቃ በላይ ተጓዘች። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ የሚያደርጋትን ግብ አገባች። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአቻነት ወደ ተመሪነት መመለስ የብዙ ቡድኖችን ወኔ ይሰብራል። የዚያን ዕለቱ ቡድን ግን አልተሰበረም። በ84ኛው ደቂቃ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ኳሷን ከመረብ አገናኘ። ውጤቱ 2 ለ 2 ሆኖ ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመራ።

በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የሚያደርጋትን ግብ አስቆጠረ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። የፍጻሜው ውጤት 4 ለ 2 ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ አስረከቡ። መንግሥቱ ወርቁና ባዳዊ በሦስት ሦስት ግብ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪዎች ሆኑ።

አስተናጋጅ ለምን ያሸንፋል?

ድሉን ያስገኙት ተጫዋቾቹና አሠልጣኙ ናቸው፤ ይህ አያጠራጥርም። ነገር ግን አስተናጋጅነት ያበረከተውን ድርሻ መግለጽ የእነርሱን ክብር አይቀንስም።

የመጀመሪያው ነገር ዕረፍት ነው። ኢትዮጵያ ግማሽ ፍጻሜዋን የተጫወተችው እሑድ ነው፤ እስከ ቀጣዩ እሑድ ሙሉ ሳምንት ነበራት። ግብፅ ግን ሐሙስ ተጫውታ እሑድ ወደ ሜዳ ተመለሰች፤ ያረፈችው ዓርብንና ቅዳሜን ብቻ ነው። ጨዋታው 120 ደቂቃ ሲፈጅ የዚህ ልዩነት ክብደት ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም። ኢትዮጵያ ከአራቱ ግቦቿ ሦስቱን ያስቆጠረችው ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የመሬቱ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ካይሮ ደግሞ ለባሕር ጠለል የቀረበች ዝቅተኛ ከተማ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጉዳዩ ለመስቃን ሰው እንግዳ አይደለም። ከቆላ የመጣ እንግዳ ከቡታጅራ ተነሥቶ ከ3 ሺህ 600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የዘቢዳር ተራራ ሲወጣ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በተራራው ወገብ የሚኖረው ገበሬ ግን ሸክሙን ይዞ ያልፈዋል። የሰው አካል ከከፍታ ጋር ለመላመድ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈልጋል። በከፍታ ላይ ያደገ ተጫዋች ይህን አቅም ይዞ ይገባል፤ እንግዳው ቡድን ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያገኘው አይችልም።

ሦስተኛው ሕዝቡ ነው። በባዕድ ሜዳ 2 ለ 0 መመራትና በገዛ ሕዝብ ፊት 2 ለ 0 መመራት አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ዝምታና ብቸኝነት አለ፤ በሁለተኛው ግን ከኋላ የሚገፋ ድምፅ አለ። የ1954ቱ ቡድን በሁለቱም ጨዋታዎች ተመርቶ በሁለቱም ተመልሷል።

አራተኛው ሜዳውን ማወቅ ነው። ኳስ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚፈጥን፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚነጥር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የግብ ጠባቂውን ዓይን ከየት በኩል እንደምትወጋ የሚያውቀው ባለሜዳው ነው። ገበሬ የማሳውን እርጥብና ደረቅ ክፍል ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ተጫዋችም ሜዳውን በእግሩ ያውቀዋል።

አስተናጋጅነት ብቻውን አይበቃም

ይሁን እንጂ አስተናጋጅ የሆነ ሁሉ አያሸንፍም። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2016 ዓ.ም. እስከ ተጠናቀቀው የኮትዲቯር ውድድር ድረስ በተካሄዱት 34 የአፍሪካ ዋንጫዎች አስተናጋጁ ዋንጫውን ያስቀረው 12 ጊዜ ነው። ግብፅ ሦስት ጊዜ፣ ጋና ሁለት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ናይጄሪያ፣ አልጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቱኒዚያና ኮትዲቯር ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ። ከሦስቱ ውድድሮች በሁለቱ ገደማ ዋንጫው ከእንግዳ ጋር ሄዷል ማለት ነው።

ለዚህ ኢትዮጵያ ራሷ ምስክር ናት። በጥር 1960 ዓ.ም. ስምንት ቡድኖች የተካፈሉበትን ውድድር በአዲስ አበባና በአስመራ አስተናገደች። የምድብ ጨዋታዎቿን በሙሉ አሸንፋ ለግማሽ ፍጻሜ ብትደርስም፣ በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈች፤ በመጨረሻም አራተኛ ሆነች። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስታስተናግድ ከምድቧ ማለፍ አልቻለችም፤ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ ምድር አልተመለሰም። ቡድኑም ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ፣ 31 ዓመታት ሙሉ፣ ከመድረኩ ርቆ ቆይቷል።

በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ግን ባለሜዳነት ዳግመኛ ፍሬ አፍርቷል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ውድድሩን አስተናግዳ ዚምባብዌን በፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋለች። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ቡሩንዲን 3 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን አንሥታለች።

ባለሜዳው በሰው ሜዳ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን ስለማያሟላ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግበት ወሰነ። ኢትዮጵያም ተቀባይነት ያለው ስታዲየም አጣች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር ያደረገችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ «የአገር ውስጥ» ጨዋታዋ ነበር፤ የተካሄደው ግን በጆሃንስበርግ ነው።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ድሉ ብዙዎችን የጥር 1954ቱን ቀን አስታውሷል። በወረቀት ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው የተደረገው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። የመጀመሪያውን ድል የአዲስ አበባ ሕዝብ በሜዳው ተገኝቶ አየ። ሁለተኛውን ግን የአገሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን ከመመልከት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ከፍታው፣ የሕዝቡ ድምፅ፣ የሜዳው ዕውቀት ሁሉ እዚያ አልነበሩም።

የዚህን ጉዳት ምንነት የጉራጌ አካባቢ ደጋፊ በቅርብ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር፣ በሊጉ የነበረው የወልቂጤ ከተማ ቡድን ጨዋታውን ከከተማው ርቆ ለማድረግ ተገደደ። ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ሩቅ መንገድ መጓዝ ነበረበት፤ ወይም በየቤቱ ቴሌቪዥን መክፈት። ቡድንና ሕዝብ ሲራራቁ የቲኬት ገቢም፣ ታዳጊውን የሚያነሣሣው የቅርብ አርአያም አብሮ ይርቃል።

ከመንደር ሜዳ የሚጀመር ሥራ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ በአዲስ አበባ በተካሄደበት ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ማስተናገድ እንደምትፈልግ ይፋ አድርገዋል። ይህ ጥያቄ የ1954ቱ ዓይነት ጥያቄ አይደለም። ያኔ አራት ቡድን፣ አራት ጨዋታና አንድ ስታዲየም በቂ ነበር። ዛሬ ውድድሩ 24 ቡድኖችና 52 ጨዋታዎች አሉት። ኮትዲቯር ያስተናገደችው በአምስት ከተሞች በሚገኙ ስድስት ስታዲየሞች ነው።

ስታዲየም ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ኮንክሪቱና ወንበሩ ነው። የጨዋታው ልብ ግን ሣሩ ነው፤ ሣር ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰብል እንክብካቤ ይፈልጋል። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተተከለ ሣርም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሜዳ ሲሠራ መሬቱ ውኃውን ወደ ጎን እንዲያፈስ በመጠኑ ተዳፋት ይደረጋል፤ ከሥር ጠጠርና አሸዋ ይነጠፋል፤ የውኃ መውረጃ ቦይ ይቀበራል። ከተተከለም በኋላ ሣሩ በጊዜው ይታጨዳል፣ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ያገኛል፤ እንደ ማሳም ዕረፍት ይሰጠዋል። ይህን ዕውቀት የሚጠይቀው ትልቁ ስታዲየም ብቻ አይደለም። ታዳጊዎች ከትምህርት መልስ የሚጫወቱበት የቀበሌ ሜዳም ከጎርፍ የሚጠብቀው ቦይና ከብት የሚከለክል አጥር ያስፈልገዋል።

ለጉራጌ ሕዝብ በኅብረት መሥራት አዲስ ትምህርት አይሆንም። የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተነሣበት በ1950ዎቹ፣ የአካባቢው ተወላጆች ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ተንቀሳቅሰዋል። የመስቀል ድግስም ቢሆን በአንድ ቀን አይሰናዳም። እናቶች ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ በውጆ ማኅበር ወራትን ቆጥረው ያጠራቅማሉ፤ አባቶችም ለሰንጋው ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ። እንግዳ በክብር የሚስተናገደው እንዲህ አስቀድሞ በተሰበሰበ ነገር ነው።

የ1954ቱ ዋንጫ ራሱ ዛሬ በኢትዮጵያ እጅ የለም። በመጀመሪያው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በአብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም ስም የተሰየመው ያ ዋንጫ፣ ጋና ለሦስተኛ ጊዜ ባሸነፈችበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ለዘለቄታው የጋና ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎም በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ አሥር ግቦችን ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁም ከእርሱ ቀድሞ አልፏል።

ለዛሬው ትውልድ የቀረው ታሪኩና ትምህርቱ ነው። በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ ያላስቆጠረ ቡድን በገዛ ሜዳው በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ግብ አስቆጥሮ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኗል። የአገሪቱ ከፍታ እንደ ጥንቱ ነው፤ የሕዝቡ የኳስ ፍቅርም አልቀነሰም። የሚጎድለው ሜዳው ነው። ሜዳ ደግሞ፣ እንደ መንገዱና እንደ መስቀሉ ድግስ፣ አስቀድመው ካዋጡለትና ከደከሙለት የሚገኝ ነገር ነው።